«ቢሞት» የምትለዋ ጥያቄ

የሠልስቱ ለቅሶ ሞቅ ብሎ ሳለ አላምረው ከወንዶቹ መካከል ተነሣ። ጋቢውን ወገቡ ላይ አሸረጠ፤ የሟች ወንድሙን ዱላ ወደ ሰማይ ቀሰረና ገጠመ፦

«በሽታም አልጣለው፣ ጥይትም አልመታው፣
ከጓዳ የወጣ አንድ ቃል ነው የረታው!»

«ወይኔ ወንድሜ!» ብለው ወንዶቹ ተቀበሉት። ሴቶቹ ግን አልተቀበሉም። በሙሾ የተወረወረ ነገር ማን ላይ እንደሚያርፍ ሴት ፈጥና ታውቃለች። ደረት ይደቃ የነበረው እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ፤ ዐይኑ ሁሉ ወደ አበቡ ዞረ።

አበቡ ከቤቷ ግድግዳ ሥር፣ በተነጠፈው ጭድ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ባሏ ዋኘው «ጎኔን ወጋኝ» ብሎ በተኛ በአራተኛው ቀን፣ በቃሬዛ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ሲያወርዱት መንገድ ላይ ነው ያረፈው። ሲቀበር አልቅሳለች፤ ትናንትም ቀኑን ሙሉ አልቅሳለች። አሁን ግን እንባዋ ቀጥ አለ። ፍርሃት እንባ ያደርቃል።

«ሰማሽው?» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት መነኩሲት፣ እማሆይ አመተ ሥላሴ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«ሰማሁት እማሆይ።»

«በይ ከንፍሮው ዝገኝ። ባዶ ሆድ ነገር ቶሎ ይገባበታል።»

ዘገነች። ስንዴው አፏ ውስጥ ጠጠር ሆነባት። አላምረው ምን ፈልጎ እንደገጠመ ገብቷታል። ልጅ የላትም፤ የወለደቻቸው ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ነው የሞቱት። ልጅ የሌላት ሴት ባሏ ሲሞት እንግዳ ትሆናለች፤ እንግዳ ደግሞ ይሸኛል። ከዚህ ከጓሳ ሜዳ ከተሸኘች መውደቂያዋ ጎንደር ነው፤ ቀሐ ወንዝ ዳር የሰው ልብስ እያጠቡ ማርጀት። አላምረው መሬቱን ይፈልጋል፤ መሬቱን የሚነጥቅበትም ቃል ከአፏ ወጥቶለታል።

* * *

ነገሩ ባለፈው ጥር ነው። ጥናት የሚያጠኑ ልጆች ከጎንደር መጡ። መሬት በባልና በሚስት ስም ደብተር ከወጣለት ወዲህ የሴቶች ኑሮ ተለውጦ እንደሆነ ለማወቅ ነው አሉ። በየሦስት ቤቱ እየቆጠሩ፣ ቁጥሩ የደረሰበትን ቤት ባሉን ለብቻ፣ ሚስቱንም ለብቻ እየያዙ ይጠይቃሉ። ለአበቡ የደረሰቻት መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ነበረች። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣችና፣ «የምትነግሪኝ ሁሉ ምስጢር ነው እትየ፣ አይዞሽ» አለች።

«ስምሽስ ማን ይባላል?»

«ምስጢር።»

«አንችም ምስጢር፣ ነገሩም ምስጢር! ታዲያ ማን ሊሰማው ነው የምትጽፊው?»

ሁለቱም ሳቁ። ዋኘው ራቅ እንዲል ተነግሮት የአጥሩን እሾህ ከውጭ በኩል እያስተካከለ ቆየ። ራቀ አይባልም።

ጥያቄው ከቀላሉ ተጀመረ። ከአንድ ማዕድ የሚበላው ስንት ሰው ነው? እህል ሲሸጥ ማን ይወስናል? ባልሽ መትቶሽ ያውቃል?

«አያውቅም» አለች አበቡ።

ያውቃል። አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛው ልጅ በሞተ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ግን እጁን ያነሣበት ቀን ትዝ አይላትም። ሰውን በአንድ ክፉ ቀኑ እንዴት ይጽፉታል ብላ ነው የዋሸችው።

ልጅቱ ወረቀቱን ገለበጠች። «ባልሽ ቢሞት መሬቱ ለማን ይሆናል?»

አበቡ ሦስት ጊዜ አማተበች። «ምነው ልጄ! ሰውየው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ! ሟርት ነው እኮ።»

«ጥያቄ ብቻ ነው እትየ። እንዲያው ቢሆን ለማለት ነው።»

«እንዲያው ተብሎ ሞት ይጠራል?»

«ዝም ካልሽ 'አታውቅም' ብዬ ነው የምጽፈው።»

'አታውቅም' የምትለዋ ቃል ቆረቆረቻት። ከአምስት ዓመት በፊት ደብተሩ ሊወጣ ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሣ እሷ ታማ ተኝታ ነበር። አላምረው መጥቶ፣ «የሷን ፎቶ ተወው፤ ልጅ የሌላት ሴት እንግዳ ናት» አለ። ዋኘውም፣ «እሷ እንግዳ ከሆነች እኔም የሷ እንግዳ ነኝ» ብሎ መለሰለት። በበቅሎ አውርዶ፣ በአንድ እጁ ደግፎ አጠገቡ አቁሞ አስነሣት። ይህን ያየች ሴት እንዴት አታውቅም ትባላለች?

«ለኔ» አለች። «ለኔ ነው።»

ልጅቱ ጻፈች።

አጥኚዎቹ ሲሄዱ ዋኘው እጁን እያራገፈ ገባ። «ምን ጠየቀችሽ?»

«ስለ ዶሮ።»

«አውራ ዶሮው ቢሞት ለማን ነው አለችሽ?» ብሎ ሳቁን ለቀቀው።

በዚያው ወር በማርያም ማኅበር ላይ ደግሞ ዋንጫውን ይዞ ተነሣና፣ «እኔማ ሞቻለሁ! ሚስቴም ወርሳኛለች! ይህ የምታዩት የገዛ ተዝካሩን ሊበላ የመጣ ነው!» ብሎ ማኅበርተኛውን አስፈነደቀው። ዋኘው እንዲህ ነበር፤ የሚፈራውን ነገር ሁሉ ቀድሞ ይስቅበታል። አላምረውም ያን ቀን አብሮ ስቋል። ዛሬ ያን ሳቅ ነው ሙሾ ያደረገው።

* * *

በአምስተኛው ቀን የንስሐ አባቷ ቄስ ገብረ ሚካኤል መጡ። ለቀስተኛው ቀለል እስኪል ጠብቀው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አላምረው ሽማግሌ ሰብስቧል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሰባቱ ሊቀመጡ ነው። የኪዳነ ምሕረትን በር ይዛ ትማልልኝ ይላል። 'የባሌን ሞት በአፌ አልጠራሁም፣ አልተመኘሁምም' ብለሽ። ካልማልሽ መሬቱንና ቤቱን ለወንድም ትለቂያለሽ።»

«ደብተሩስ አባ? ፎቶዬ አለበት እኮ።»

«ብዬዋለሁ። 'ደብተሩ የመንግሥት ነው፣ መሐላው የእግዜር ነው' አለኝ። ሽማግሌዎቹም ልክ ነው አሉ።»

በጓሳ ሜዳ የኪዳነ ምሕረትን በር ይዞ በሐሰት የማለ አንድ ሰው ብቻ ነበረ ይባላል። ከወንዙ ማዶ የፈረሰው ቤት የሱ ነው፤ ከብት እንኳ አጠገቡ አይግጥም።

«መመኘቱንስ አልተመኘሁም» አለች። «መጥራቱን ግን ጠርቻለሁ። አንድ ነገር ልንገርዎት አባ? እሱንም ጠይቀውታል። 'ሚስትህ ብትሞት' ብለውታል። አልመለሰም። 'አፌ አልከፈት አለ' ብሎኛል፤ ለጠያቂው ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። እኔ ግን መለስሁ። በአንድ ቃል መለስሁ። ስለ መምታቱ ዋሸሁለት፤ ስለ ሞቱ እውነት ተናገርሁበት። የገደለው እውነቱ ይሆን አባ?»

ቄሱ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«ሞት ቀጠሮውን ከሴት አፍ አይቀበልም፤ እኔ የተማርሁት ይህን ነው» አሉ። «ይህን ብላቸው ግን 'የንስሐ ልጅዎ ስለሆነች ነው' ይሉኛል። በሐሰት ብቻ አትማይ ልጄ። መሬት የሄደ እንደሆነ ሊመለስ ይችላል። በዚያ በር ላይ የወጣ ቃል አይመለስም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀኖች ለአበቡ ለቅሶ አልሆኑላትም። እሷ ስታልፍ ሹክሹክታው ይቋረጣል፤ ካለፈች በኋላ ይቀጥላል። እዝን ይዘው የመጡት ሴቶች እንጀራውን አኑረው ቶሎ ይነሣሉ። አንድ ጊዜ ጓዳ ገባች፤ የጓዳውን መዝጊያ በሁለት እጇ ይዛ መሐላውን ሞከረችው። «የባሌን ሞት በአፌ...» አለች። ምላሷ ከዚያ አላለፈም። መዝጊያውን የፋመ ብረት እንደነካ ሰው ለቀቀችው።

* * *

በሰባቱ ፍትሐቱ አልቆ ማዕድ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር በድንጋዮቹ ላይ ተቀመጡ፤ ወንዱ ከበበ፤ ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ ቆሙ። አበቡን መሐል አቆሟት።

«በይ ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ትምያለሽ ወይስ ትለቂያለሽ?»

አበቡ ነጠላዋን ሰብስባ ቀና አለች።

«አልምልም።»

«ሰማችሁ!» አለ አላምረው።

«አልጨረስሁም፣ አያ አላምረው።» ድምፅዋ ቀጭን ሆነባት። «'ቢሞት ለማን ነው' ተብዬ ተጠይቄአለሁ። 'ለኔ' ብያለሁ። አላልሁም ብዬ የኪዳነ ምሕረትን በር አልይዝም። ሞቱን ግን አልወደድሁም፤ ይህንን እሷው ታውቃለች። እንግዲህ የምታደርጉትን አድርጉ።»

ሰው ተንጫጫ። «በአፏ አመነች! ወንድሜን በአፏ ቀበረችው!» አላምረው ዱላውን መሬት ላይ ደቃው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አበቡ ዐይኗን ጨፈነች፤ ቤቷ ከጀርባዋ እየራቀ የሚሄድ መሰላት።

«የጠየቅኋት እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

መነጽራሟ ልጅ ናት። ለሁለተኛው ዙር ጥያቄ ጠዋት በማኪና መጥታ፣ ዋኘው መሞቱን መንገድ ላይ ሰምታ ለቅሶ ልትደርስ የገባች ነች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሞት በቦርሳ ይዘሽ የዞርሽው አንች ነሽ?» አለ አላምረው። «አውጭውና አንብቢው! ምን እንዳለች እንስማ!»

«አላነብም። ወረቀቱም እኔ ዘንድ የለም፤ ቢኖርም ስም የለበትም፣ ቁጥር ነው ያለው። ጥያቄው ግን የኛ ነው፤ የሷ አይደለም።» ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እሷን ብቻም አልጠየቅንም። በዚህ ቀበሌ ስድሳ ሁለት ሴቶች ጠይቀናል። ስድሳ ሁለቱንም 'ባልሽ ቢሞት' ብለናቸዋል።»

ሽማግሌዎቹ በድንጋዮቹ ላይ ተነቃነቁ።

«መለሱ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«ሁሉም መልሰዋል።»

ያኔ ወንዱ ሁሉ አንድ በአንድ አንገቱን ወደ አጥሩ ጥግ አዞረ። እያንዳንዱ የገዛ ሚስቱን ፈለገ። ሴቶቹ ደግሞ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ሳቡ። ከሠልስቱ ጀምሮ አበቡ ላይ ተቀምጦ የሰነበተው ፍርሃት ተነሥቶ ወንዶቹ ዘንድ ሄደ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ እማሆይ አመተ ሥላሴ፣ «ስድሳ ሁለት ቃሬዛ ቁረጡ! ምነው አላምረው፣ ጥር ላይ ከዚህች ልጅ ጋር በአጥርህ ሥር ተቀምጣ ያየኋት የማን ሚስት ናት?»

አላምረው ዞረ። «አንች! ምን አልሽ?»

ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ለቀቀችው።

«እኔም 'ለኔ' ነው ያልሁ። አንተ ግን ይኸው እንደ አንበሳ ታገሣለህ።»

አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት ሳል አስመሰለው። ሌሎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። አበቡ አልሳቀችም፤ የአላምረውን እጅ ነበር የምታየው። ሳያውቀው ወደ ጎኑ ሄዶ፣ ወንድሙ ወጋኝ ያለውን ቦታ ዳበሰ።

ቄስ ገብረ ሚካኤል ተነሡ። «በሐሰት ምላ መሬቷን ማትረፍ ትችል ነበር። እውነቱን ነግራችሁ ልታጣው ቆመች። ከዚህ የሚበልጥ መሐላ እኔ አላውቅም። ደብተሩ እንዳለ ይጽና።»

«ይጽና» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ለመነሣትም የቸኮሉ ይመስሉ ነበር።

አላምረው በአጠገቧ ሲያልፍ፣ «የሚጸናልሽ እስከ አርባው ነው» አላት፤ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

* * *

በማግሥቱ ንጋት ላይ ዝናብ ጣለ። ዘር ለቅሶ አይጠብቅም። መሬቱ የሷ ቢባልም ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ አገሩ አይፈቅድላትም። የዋኘው በሬ አንድ ነው፣ የአላምረውም አንድ። ወንድማማቾቹ በመቀናጆ ነበር የሚያርሱት፤ አንዱ በሬ ያለ ሌላው ቀንበር አይሞላም።

ደጅ ላይ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አበቡ ወጣ ብላ አየች። አላምረው ነው፤ በሬውን ይዞ፣ ሞፈሩን ተሸክሞ ቆሟል። ቀና ብሎ አላያትም።

«በሬውን አምጭው። መሬቱ ሳይጠነክር።»

«ለማን ልታርስ ነው አያ?»

ጭቃውን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ። «እኩል» አለ። «እኩሌታው ያንች ነው። እስከ አርባው።»

እስከ አርባው ሠላሳ ሁለት ቀን አለ። ፈራችው፤ ግን ሌላ አራሽ የላትም። ወደ በረቱ ገባችና ገመዱን ፈታች። በሬው አልንቀሳቀስ አለ። ሳበችው፤ አራት እግሩን ተከለ። ከኋላ ገፋችው፤ አሻግሮ ወደ ቤቱ በር ያያል። ዋኘው አይስበውም ነበር። አይመታውም። ዝቅ አድርጎ ያፏጭለታል፣ እሱም ይከተለዋል።

ሴት አታፏጭም፤ ነውር ነው። አበቡ ከንፈሯን አሞጠሞጠች። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። አላምረው ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ከንፈሯን አራሰችና ደግማ ሞከረች፤ የተሰባበረ፣ ቀጭን ፉጨት ወጣ።

በሬው ጆሮውን አቆመ። ከበረቱ ወጣና ግራ ቀኝ ተመለከተ፤ ወደ ቤቱ በር፣ ወደ አጥሩ፣ ወደ መንገዱ። አበቡ ገመዱን ላላ አደረገችለት፤ ፈልጎ እስኪጨርስ ድረስም ቆማ ጠበቀችው።