ሦስተኛው ወንበር

መጀመሪያ የተሰማው የከዘራ ድምፅ ነበር። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት በሚያወርደው ደረጃ ላይ ጠቅ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጠቅ። ማርላ ኒውካም ከወረቀቷ ላይ ቀና ሳትል ማን እንደሆነ አወቀች። በዚህች የሚኒሶታ ከተማ ደረጃውን እንዳጠፋ ልጅ በከዘራው እየኮረኮመ የሚወርድ ሰው አርቪድ ሉንድ ብቻ ነው። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ያለ እሱ ስብሰባ የለም፤ ከእሱ ጋር ደግሞ የተሰበሰቡለት ዛፍ ላይተርፍ ይችላል።

የከተማዋ የዛፍ አማካሪ ቦርድ አምስት አባላት አሉት፤ ሁሉም ከሥራቸው በኋላ በነፃ የሚያገለግሉ ነዋሪዎች ናቸው። ሦስቱ ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤ አይሟላም፤ ምልዓተ ጉባኤ ካልተሟላ ደግሞ እዚያ የተባለው ሁሉ የሰፈር ወሬ ሆኖ ይቀራል። ያን ምሽት አንዱ አባል ነገ ዝናብ ይመጣል ስለተባለ በቆሎውን ሊያጭድ ማሳው ላይ ቀርቷል፤ ሌላዋን ትኩሳት ጥሏታል። ከሰብሳቢዋ ከማርላ ሌላ የመጣችው ሮዝሊን ፔክ ብቻ ነበረች፤ ጡረታ የወጣች ፋርማሲስት፣ እጇ ሹራብ ሲሠራ አፏም የማያርፍ።

የሚነጋገሩት ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ስላለው አሮጌ የኦክ ዛፍ ነው። ሥሩ የእግረኛውን መንገድ ሲሚንቶ እንደ ሊጥ ነፍቶታል። ባለፈው የበረዶ ወራት የአርቪድ ሚስት ኢንጋ መጽሐፍ ልትመልስ ስትሄድ እዚያ እብጠት ላይ ተደናቅፋ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የከተማው መሐንዲስ ዛፉ ተቆርጦ መንገዱ ይስተካከል ብሏል። ምክር ቤቱ ሰኞ ይወስናል። ቦርዱ ከሰኞ በፊት በጽሑፍ ከተቃወመ መጋዙ እስከ ፀደይ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ይታገዳል፣ መሐንዲሱም ሌላ ዕቅድ ማምጣት ይኖርበታል። ቦርዱ ዝም ካለ ግን ዛፉ አበቃለት።

ማርላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ ልጆቹን ከዚያ ዛፍ ሥር ነው የምታነሣቸው። ፍሬውን ኪሳቸው ሞልተው ይገባሉ፤ ማታ አውቶቡሱን ስትጠርግ ፍሬው ከየወንበሩ ሥር ይንከባለላል። እንዲቆረጥ አትፈልግም። በመንገድ ዝርዝሯ ጀርባ ላይ ዛፉን ዞሮ የሚያልፍ ጥምዝ መንገድ በእርሳስ ስላለች።

ስለ ጥምዙ መንገድ ለአርቪድ አስቀድማ አልነገረችውም። ሦስት የቦርድ አባላት ከአዳራሹ ውጭ ስለ ቦርዱ ሥራ እንዳያወሩ ሕግ ይከለክላል፤ የከተማዋ ሰው ደግሞ ሕጉን ከመጠን በላይ አጥብቆ ይዞታል። በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ሁለት አባላት ተቀምጠው ሳለ ሦስተኛው ሳህኑን ይዞ ሲመጣ፣ ከሁለቱ አንዱ ምንም ሳይል ሳህኑን አንሥቶ ይሄዳል። ሮዝሊን አንድ ጊዜ የድንች ሰላጣዋን ካፖርት መስቀያው ሥር ቆማ በልታለች። ለሁለት ግን ማውራት ይፈቀዳል። አርቪድም የማርላ ጎረቤት ነው። ኢንጋ ከወደቀች በኋላ ግን ማርላ እሱን ቀና ብላ ማየት አፈረች፤ በአጥሩ ላይ ሰላም ትልና ትገባለች።

አርቪድ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስንት እንደሆኑ ጠየቀ። ከእሱ ጋር ሦስት መሆናቸውን ማርላ ስትነግረው ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ እንድትቀጥል በእጁ አመለከታት።

ማርላ ሥዕሏን አሳየች። ድምፅዋ ቀጥኖ ለራሷም አልተመቻትም። ዛፉ ሳይቆረጥ መንገዱ ዞሮት ይሠራ የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ ራሷ አቀረበች፤ ሮዝሊን ደገፈች። ከዚያ አርቪድ ተራውን ወሰደ። ሲናገር ያየው የነበረው ሥዕሉን ነው፤ እሷን አይደለም።

«ኢንጋ አሁን ሰው የምታየው በመስኮት ነው» አለ። «ዛፉንም በመስኮት ታየዋለች። እኔ ግን እሱን ባየሁ ቁጥር ያቺ ቀን ናት የምትታየኝ።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ የዚያን ምሽት ማጭዱ ደግሞ ባርኔጣው ነበር። አንሥቶት ቢወጣ ሁለት ይቀራሉ፣ ስብሰባው ይፈርሳል፣ ሰኞ ዛፉ ይወድቃል። ይህን ሁሉም ያውቃሉ። ሮዝሊን ስለማያስችላት ሹራቧን ሳትለቅ ተናገረች።

«አርቪድ፣ መውጣት ከፈለግህ በሩ እኮ አልተቆለፈም።»

«አውቃለሁ። የሠራሁት እኔ ነኝ» አላት። «አንቺ ግን አሁንም ጠርቅመሽ ነው የምትዘጊው።»

ባርኔጣውን በአንድ ጣት ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ ሥዕሉን ወደ ራሱ ሳበና የእርሳሱን መስመር በጥፍሩ ተከተለ። አርባ ዓመት አናጢ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ጥምዙ ላይ ሲደርስ ጥፍሩ ቆመ።

«ይሄ በተሽከርካሪ ወንበር ያስኬዳል?»

«ያስኬዳል፣ ሚስተር ሉንድ።»

«ሁለት ቢገናኙስ?»

ማርላ አላሰበችበትም። አለማሰቧን ከመናገር በቀር መውጫ አልነበራትም፤ ተናገረች።

«እንግዲያው ሁለት የሚያስተላልፍ ብለሽ ጻፊ» አለ። «በረዶ ሳይጥል ይሠራ ብለሽም ጨምሪበት። ካልጻፍሽ ለሚቀጥለው ዓመት ይሉሻል።»

ጸሐፊዋ ሁለቱንም አስገብታ አነበበች። ማርላ ድምፅ ጠራች። ሮዝሊን ደገፈች፤ ማርላ ደገፈች። አርቪድ እስኪናገር ድረስ የግድግዳው ማሞቂያ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«እቃወማለሁ» አለ፤ ጸሐፊዋ እንዳልሰማችው ገምቶ ይሁን እንጃ፣ ደገመው።

ሁለት ለአንድ። የውሳኔ ሐሳቡ አለፈ። ማርላ የሰብሳቢነት መዶሻዋን ያነሣችው በፍርሃት ነበር፤ ጠረጴዛውን የነካችው በቀስታ፣ ሰው እንዳትቀሰቅስ ይመስል። የተቃውሞው ደብዳቤ ነገ ጠዋት ምክር ቤቱ ይደርሳል። መጋዙ እስከ ፀደይ አይመጣም፤ ከዚያ በኋላም ልጆቹ ፍሬውን ወንበር ሥር ሲያፈሱ ታዩአት። አንድ ነገር ግን አልገባትም። አርቪድ መሸነፉን እያወቀ ሳይወጣ ለምን ተቀመጠ?

«ሚስተር ሉንድ» አለች።

እሱ ባርኔጣውን አጠለቀ። ሦስተኛውን ወንበር አንሥቶ፣ እግሩ ወለሉን ሳይጭር፣ ከጠረጴዛው ሥር አስገባው። ሥዕሏን፣ ለኢንጋ ሊያሳያት ይመስል፣ አጣጥፎ የካፖርቱ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዘራውን ይዞ፣ ወደ ማናቸውም ሳይዞር፣ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ሲዘጋው ድምፅ አላሰማም።