ባለ አንዱና ባለ ዘጠኙ

ባሌ አልሲ ወደ ክሎቪስ ሱቅ ገብቶ "ባለ ዘጠኙን ጥይት ስጠኝ" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። የያዝኩትን ሽንኩርት እንደያዝኩ ዞር ብዬ አየሁት።

የኛን ሰፈር ሰው ጠይቁ፣ ይህን ሰምቶ ክው የማይል የለም። አልሲ ከተጋባን ጀምሮ አፉን ሞልቶ "ለአንድ አሳማ አንድ እርሳስ!" ሲል ነው የኖረው። እሱ የሚተኩሰው ባለ አንዱን ነው፤ ቀለሁ ውስጥ አውራ ጣት የሚያክል አንድ ድፍን እርሳስ ብቻ ያለበትን። ባለ ዘጠኙ ደግሞ አተር አተር የሚያካክሉ ዘጠኝ ፍሬዎች የታጨቁበት ነው፤ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ እየተበተነ ይሄዳል። የሱቁ ባለቤት ታናሽ ወንድሜ ክሎቪስ የባለ ዘጠኙ ሰው ነው። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ሲነታረኩ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ሰርግ ላይ ተነታርከዋል። እናታችን ቀብር ላይ እንኳ፣ ያውም ቄሱ ገና ሳይሄዱ ተነታርከዋል።

"ምን አልክ?" አለ ክሎቪስ፣ ጆሮውን ወደ እሱ ዘንበል አድርጎ።

"ባለ ዘጠኙን አልኩህ። ደንቁረሃል?"

"ወይ ጉድ! ኤልዳ፣ ነይማ ግንባሩን ዳብሺው፤ ሰውየው አሞታል!"

"ምን ያሳምመኛል? አውራው አሳማ ያለው ሸንኮራው ውስጥ ነው። ቅጠሉን ስትገልጠው አፍንጫህ ስር ነው የምታገኘው። ቅርብ ለቅርብ ባለ ዘጠኙ ይሻላል።"

"አሃ! እኔ ይህን ስነግርህ 'ዘጠኝ የሚተኩስ ሰው ስምንቱ ለፍርሃቱ ነው' ያልከኝ ማን ነበር? የኔ አያት ነች?"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አልሲም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አልሲ ቀኝ እጁ ነው፤ እንኳን ጥይት ሹካ በግራው ይዞ አያውቅም። ያን ቀን ግን ጥይቱን በግራ እጁ ነው የተቀበለው፤ ቀኙ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ለነገሩ እኔ አውቅ ነበር። ሚስት ምን ይደበቃታል? ሾርባ መብላት ካቆመ ሰንብቷል፤ "ሾርባ የሕመምተኛ ምግብ ነው" ይለኛል፣ ሾርባ ወዳጁ ሰውዬ! ብርጭቆ በሁለት እጁ ያነሳል። የሸሚዙን ቁልፍ ሳይፈታ በጭንቅላቱ በኩል አውልቆ፣ ጠዋት እንደዚያው በጭንቅላቱ ያጠልቀዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሲተኛ ይተወዋል፤ ነቅቶ አንድ ነገር ሊይዝ ሲል ይጀምረዋል። እኔም እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔን ግን ዝምታው ከውስጥ በላኝ።

አውራው ባይመጣ ኖሮ ይህ ነገር ቀስ እያለ በራሱ ጊዜ ይወጣ ነበር። ያ እርጉም ከረግረጉ ወጥቶ የኛን አዲስ የተተከለ ሸንኮራ ገለባበጠው፤ ከዚያ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የክሎቪስን። አያት ቅድመ አያቱ ከሰው በረት ያመለጡ ናቸው፤ እሱ ግን ጥጃ አክሏል፤ ጥርሱ ከከንፈሩ ወጥቶ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ትከሻው ላይ ያለው ቆዳ ጋሻ ነው፤ የወፍ ጥይት ቢተኮስበት እከኩን ያከኩለት ነው የሚመስለው። ሁለት የሰው ውሾች ሆዳቸውን ዘርግፎ ገድሏል። ስለዚህ ወንዶቹ ሁሉ ለቅዳሜ አደን ተቀጣጥረው የማዳምን ነገር አነሱ።

ማዳም ውሻችን ናት። ስሟን ያወጣላት አልሲ ነው። ቤት ውስጥ "ማዳም በልታለች?" ሲል ሰምቶ እንግዳ ሁሉ ስለኔ የሚጠይቅ ይመስለዋል፤ ስለኔስ ጠይቆም አያውቅ። እሷ ጆሮውን ይዛ ያቆመችውን አሳማ የትም አትለቅም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር በሰው ውሻ ላይ አይተኮስም። ውሻዋ አሳማ ይዛ ቆማ ሳለ መተኮስ የሚችለው ባለቤቷ ብቻ ነው። አንዱ ስቶ የሌላውን ውሻ ቢገድል፣ ልጅ ልጅ ድረስ የማይበርድ ቂም ነው። ባለቤቷ ቢስት ግን ጉዳቱ የራሱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማዳም አውራውን ስትይዝ፣ ሁሉም ጠመንጃውን አውርዶ ዘወር ይላል፤ ባሌም በዚያች እጁ፣ የሚወዳት ውሻ የአሳማው ጆሮ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ፣ ይተኩሳል።

ሐሙስ ከሰዓት የተኩስ ድምፅ ከጓሮ ሰማሁ። በመስኮት ብመለከት፣ አልሲ የማቀዝቀዣ ካርቶን ዘርግቶ ዛፍ ላይ አስደግፏል። ካርቶኑ ላይ በከሰል አሳማ ስሏል። ከአሳማው ጆሮ ጋር ደግሞ ውሻ። ጆሮዋን ወደታች የተጣለ፣ ጅራቷን የተቆለመመ አድርጎ፣ ራሷን ማዳምን ነው የሳላት። ሥዕሉም ቢሆን እጁ እየዘለለበት መስመሩ ጥርስ ጥርስ አውጥቷል።

መጀመሪያ ባለ ዘጠኙን ተኩሶ ኖሯል። በዚያ ርቀት ፍሬዎቹ ብዙም አይበተኑም፤ ከመዳፍ ስፋት አያልፉም። ሰባቱ አሳማው ትከሻ ላይ አርፈዋል። ሁለቱ ግን ውሻዋ አንገት ላይ። ወደ ካርቶኑ ሄዶ ቀዳዳዎቹን በጣቱ እየነካ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ባለ አንዱን አጎረሰና ተኮሰ። ካርቶኑ ላይ ምንም አልታየም፤ የዛፉ ቅርፊት ተፈነጠረ። እንደገና ተኮሰ። ይሄኛው የውሻዋን ወገብ በስቶ አለፈ።

አልሲ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን በግራው ይዞ፣ ጉልበቶቹ መሃል አስገብቶ፣ እንደ ሌባ ጨመቀው። አንጀቴን በላው። መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ ሳላወርድ ነው የወጣሁት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"አልሲ፣ ሞኝህን ፈልግ። እጅህ።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። "ባለ አንዱን ብተኩስ እስታለሁ፤ ያ አውሬ ሆዷን ይዘረግፈዋል" አለ። "ባለ ዘጠኙን ብተኩስ ራሴ እገድላታለሁ። ሁለቱንም ሞከርኩ፣ ኤልዳ። የሚሆነኝ ጥይት የለም።"

"አትሂዳ! አሞኛል በል።"

"ከዚያስ? ክሎቪስ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ሾርባ ይዞ!" አለና፣ እኔም እሱም በዚያ መከራ መሃል ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ጠፋና "ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም" አለኝ።

እጁን ያዝኩት። ልጅ ሳለሁ አውደ ዓመት ላይ ያስጨፈረኝ እጅ ነው፤ አሁን እንደተያዘ ወፍ መዳፌ ውስጥ ይርገበገባል። ልለው የፈለግኩት ብዙ ነበር፤ ያልኩት ግን ሌላ ነው።

"ጠመንጃውን ስጠኝ።"

አባቴ ወንድ ልጅ እስኪወለድለት ድረስ አደን የሚወስደው እኔን ነበር። ክሎቪስ ከመጣ በኋላ ነው ወደ ማጀት የተባረርኩት። ባለ አንዱን አጎረስኩና ተኮስኩ። ትከሻዬን ፈነቀለው፤ ወይ እናቴ! ካርቶኑ ላይ ግን ከአሳማው ጆሮ ዝቅ ብሎ አንድ ድፍን ቀዳዳ ተከፈተ። ውሻዋን አልነካም።

አልሲ ቀዳዳውን አየ፤ እኔን አየ። "አይሆንም" አለ። "የኔ ውሻ ናት። አንቺ ልትተኩሺ አትችይም።"

"ስጠኛ።"

ይህን ስለው ምን እንደጠየቅኩት አውቃለሁ። በኛ ዘንድ ውሻ የሚሰጠው በሰው ፊት፣ በአፍ ነው። አንዴ ከሰጡ መመለስ የለም፤ በባልና ሚስት መሃልም ቢሆን። ውሻውን የሰጠ ወንድ ደግሞ አደን በቃኝ አለ ማለት ነው። ካርቶኑን ማጣጠፍ ጀመረ። መጥበሻው ሲቃጠል ሸተተኝና ወደ ቤት ሮጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሸንኮራው ዳር ተሰበሰብን። እኔን ሲያየኝ ክሎቪስ፣ "አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ? ምሳ ይዘሽ ነው?" አለኝ። "ላንተ የሚሆን ዳይፐር ይዤ ነው" አልኩት። ማዳም ገባች። ብዙም አልቆየች፤ ጩኸቷ ሲቀየር አወቅን። ቅጠሉ እየቆራረጠን በቦዩ በኩል ሮጥን።

ቦዩ ውስጥ ጭቃ ለጭቃ ይዛዋለች። ጥርሷ ጆሮው ላይ ነው፤ እሱ ባወዛወዘ ቁጥር አየር ላይ ትነሳለች። ወንዶቹ ሁሉ ጠመንጃቸውን አውርደው ወደ አልሲ ዞሩ። አልሲ ጠመንጃውን ይዞ ቆመ። ማዳም አንዴ ጮኸች፤ የአውራው ጥርስ ጎኗን ነክቷት ነበር፤ ግን አልለቀቀችም። አሁን ይተኩሳል፣ ለኩራቱ ሲል ገደላት፣ አልኩ።

"ስሙ!" አለ አልሲ፣ ጮክ ብሎ። "ውሻዋን ለኤልዳ ሰጥቻታለሁ። የኤልዳ ናት።"

ከዚያ ጠመንጃውን ዘረጋልኝ። በቀኝ እጁ ነበር። አፈሙዙ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየ፤ እሱም እንዳዩት አይቷል። አላወረደውም። ተቀብዬው ቦዩ ውስጥ ወረድኩ። አልሲ ከኋላዬ ወርዶ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ከጆሮው ዝቅ ብለሽ። ራሱን እስኪያዞር ጠብቂ።"

"እጅህን አንሳ፣ አነቃነቅከኝ እኮ!"

"ይቅርታ" አለና አነሳው። አውራው ራሱን አዞረ። ተኮስኩ። ባለበት ተንበረከከና ጎኑን ጣለ። ማዳም ግን ጆሮውን አሁንም እንደያዘች ናት፤ አልሲ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ እስኪያላቅቃት አልለቀቀችም። ጎኗ ተጭሯል እንጂ አልተቀደደም። በሁለቱም እጁ እየዳበሳት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ያንን ሁሉ ሰው ረስቶ አለቀሰ።

ክሎቪስ ቦዩ ዳር ቆሞ ነበር። አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ዛሬ በዚህ ቢቀልድ በራሱ ባለ ዘጠኝ ነው የምለው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ወረደና አልሲን ብብቱ ስር ገብቶ አነሳው። ወንድሜን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ሐኪም ዘንድ ሄደናል፤ መድኃኒት ሰጥተውታል፤ ትንሽ ይሻለዋል። ሾርባም ይበላል፤ የደፋውን እጠርጋለሁ። ማዳም ድሮም የምትተኛው በእሱ በኩል ነው፤ ዛሬም እዚያው ናት። አልሲ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው ብሎ፣ በየማለዳው ገመዱን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል።

"ኤልዳ፣ ውሻሽን ትንሽ ላንሸራሽራት?"

"ሰውዬ፣ ስንቴ ልንገርህ? ሳትጠይቀኝ ውሰዳት!"

እምቢ ይላል። እሺ እስክለው ይጠብቃል። እኔም ቶሎ እሺ አልለውም፤ በሩ ላይ እንደዚያ ቆሞ፣ እጁን ሳይደብቅ ሲጠብቀኝ ማየት ደስ ይለኛል።