ክር የታሰረበት ቢጎኒያ

እማማ ፈሂማን ያንገበገባቸው የቅጠሉ መጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ልጃቸው አብዱልገኒ አለማመኑም ጭምር ነው።

«እማዬ፣ ነፋስ ነው የሚያረግፈው» አላቸው ስልኩን እየነካካ።

«ነፋስ መቀስ ይዞ ይመጣል? እየው፣ ቁርጥ ተደርጎ ነው የተወሰደው!»

«ዓይንሽ እኮ ደክሟል…»

«ዓይኔን ተወው! አንተን ያሳደግሁበት ዓይን ነው።»

ወሎ ሰፈር፣ ከፎቁ መተላለፊያ ላይ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ያሳደጉት ቢጎኒያ ነው። ቅጠሉ ከላይ ብር ይመስላል፤ ሆዱ ቀይ ነው። ከአንዲት ግንጣይ ያበዙት ራሳቸው ናቸው። ታዲያ ሰሞኑን በየሳምንቱ ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ አንድ ቅጠል ጎድሎ ያገኛሉ። ጥበቃውን ጠረጠሩ። ምራታቸውን ሳጂዳን ጠረጠሩ። «ማሻአላህ» ሳይል አይቶት የሚያልፈውን ሁሉ ጠረጠሩ። በመጨረሻ፣ ከሰው ዓይን ይጠብቀው ብለው በየቅጠሉ አንገት ጥቁር ክር አሰሩ።

በቀጣዩ ጁምዓ አንዱ ከነክሩ ጠፋ።

ያኔ ሄኒ ትዝ አለቻቸው። ፊት ለፊታቸው የምትኖር፣ አትላስ አካባቢ የአበባ ችግኝ የምትሸጥ ልጅ ናት። «እማማ ደህና ዋሉ፣ እማማ ምን ላምጣልዎ» ማብዛቷ ለካ በነጻ አልነበረም! ነጠላቸውን ጣል አድርገው ታክሲ ተሳፈሩ።

ሱቋ ውስጥ አሸዋ በተሞላ ሳፋ ላይ ቅጠሎች ተጋድመዋል፤ ከአንዳንዱ ሥር ጥፍር የምታህል ቡቃያ ብቅ ብላለች። ዳር ላይ ካለው፣ ገና ካላቆጠቆጠው ቅጠል አንገት ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል።

«ይሄንንም ነፋስ ነው ያመጣው?»

ሄኒ ክው አለች። «እማማ… ብጠይቅዎ ይከለክሉኛል ብዬ ነው።»

«ጠይቀሽኝ ነበር?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄን ዓይነቱን ቢጎኒያ ሰው በጣም ይወደዋል።»

«ቢጎኒያ ያለው ደግሞ ማነው?»

ሄኒ ነገሩ የበረደ መስሏት ቶሎ ቶሎ አወራች። ድሮ ቤጎን የሚባል የፈረንሳይ ሹም ነበር አሉ፤ ሹሙ ውለታ የዋለለት አንድ እጽዋት የሚያጠና መነኩሴ ተክሉን በሹሙ ስም ጠራለት።

«ሹሙ ተክሎታል?»

«አይ።»

«ውሃ አጠጥቶታል?»

«እኔ እንጃ… አይመስለኝም።»

እማማ ፈሂማ ፊደል አልቆጠሩም፤ በየአበባ ማሰሮው የተሰካው ካርድ ግን የስም መሆኑ አልጠፋቸውም። አንዱን ነቅለው ሄኒ እጅ ላይ አስቀመጡት።

«በይ የኔን ስም ጻፊበት። ከቅጠሌ በበቀለው በሁሉም ላይ! ሌላ እንዳትሞነጫጭሪብኝ፣ አስነብበዋለሁ። ስትጨርሺ ልጄ ዘንድ ደውዪና ‹ነፋሱ እኔ ነበርኩ› በዪው።»