የመርከቧ ቀኝ ጎን

ዘመነች የቀርከሃ ስንጥሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ እየገፋች ከአሮጌዋ ትንሽ የእንጨት መርከብ ሆድ ጋር አገናኘቻቸው። በሁለት ጣውላ መካከል በላስቲክ ተጠፍረው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስንጥሮች ናቸው፤ የነኩትን ጉብታና ስርጉድ ይዘው ይቀራሉ። ማንም አላሳያትም። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጠች ወዲህ እንዳወቀችው ነገር ሁሉ ራሷ ደረሰችበት፤ ያንን መናገርም አሳፍሯት አያውቅም።

ቅርጹን በካርቶን ላይ ገልብጣ ቆረጠች። ካርቶኑን ራሷ በጠረበችው አዲስ የዋንዛ መርከብ ላይ ደግፋ ወደ ፀሐይ አየች። ጭላንጭል እንኳ አያሳልፍም። አለቀ።

የሰፈሩ አናጢ ቱሉ አጥሩን ተደግፎ ያያታል።

“ኮልፌ ላይ መርከብ! ክረምት ሲገባ ልትሳፈሪባት ነው?”

“አንተን ግን አልጭንህም። የሠራኸው ወንበር በደረቅ መሬት መቆም አቅቶታል።”

ደጃፍ ላይ የተቀመጡት አባቷ አቶ ጥሩነህ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ሃያ ዓመት በአናጢነት ሠርተዋል። አሮጌዋን መርከብ ከጓደኛቸው ከገብረማርያም ጋር የጠረቧት እዚያ ነው። ገብረማርያም አምና ሞተ። ሚስቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ለሙት ዓመቱ የመርከቧን መንታ ለመኑ፤ ነገ ጠዋት ሊወስዷት ይመጣሉ። አቶ ጥሩነህ እሺ ያሉት ሞራ ዓይናቸውን ሳይጋርደው ነበር። ቃላቸውን ተረክባ የምትፈጽመው ልጃቸው ዘመነች ናት።

“እንኩ አባባ፣ አዲሷን ይዳስሷት።”

ጣቶቻቸው በግራው ጎን ተንሸራተቱ። ፈገግ አሉ።

“ገብረማርያም ነው። ሆዷን ያሰፋዋል። ያ ሰውዬ ለመርከብም ለራሱም ጠባብ ነገር አይወድ።”

ወደ ቀኙ ተሻገሩ። ጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ።

“የቀኙን ልክ ከየት ወሰድሽው?”

“ከግራው ነዋ። ካርቶኑን ገለበጥኩት። መርከብ ሁለት ጎኗ አንድ አይደል?”

“የሌላው ሰው መርከብ አንድ ነው። እኛ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እሱ ግራውን፣ እኔ ቀኙን ነው የጠረብነው። እኔ ቀጭን እወድ ነበር፤ አንሰማማም። አለቃችን ‘ይቺ ውሃ ላይ ብትወጣ ክብ ስትዞር ትኖራለች’ ብሎ ስቆብናል።”

ዘመነች የአሮጌዋን ቀኝ ጎን ሳስቶ አይታው ነበር። እንጨቱ የሟሸሸ መስሏት አልፋው፣ ብልጠቷንም በልቧ አድንቃለች።

“የተበላሸ መስሎኝ አቃናሁት።”

“ደግ አደረግሽ። ተይው እንዲህ ይሁን። የሺ የምትፈልገው ባሏን ነው፤ በሁለቱም ጎን ብታገኘው ምን ይከፋታል? እኔ እንደሆንኩ አለሁ።”

አሉና መርከቧን ሊመልሱላት ዘረጉ። ቀኝ እጃቸው ግን አለቀቀም፤ እዚያው ቀኙ ጎን ላይ፣ እቃ እንደጠፋበት ሰው፣ ቀስ እያለ ይፈልጋል።

ተቀበለቻቸው። የሦስት ሳምንት ሥራ ነው። ከየትም በኩል ቢያዩት እንከን አይወጣለትም።

ቱሉም እንደ ልማዱ አልቀለደም። “እውነቴን ነው፣ እኔ እንዲህ አድርጌ አልሠራም። እንዳትነኪያት።”

ከዚህ ሰው አፍ ምስጋና ሰምታ አታውቅም። ትንሽ ቆየችበት። ከዚያ አሮጌዋን መርከብ በግራ ጎኗ አስተኝታ ስንጥሮቹን አላላች፤ በቀኙ፣ በአባቷ ጎን ላይ፣ አንድ በአንድ ትገፋቸው ጀመር።

“አባባ፣ ቀጭኑ ከየት ነው የሚጀምረው? ጣትዎን ያሳርፉልኝ።”

“ልፋትሽ...”

“ልፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ጣትዎን ብቻ።”

አቶ ጥሩነህ ወንበራቸውን ወደ እሷ ጎተቱ፤ ጣታቸው ሳይደናበር ቦታውን አገኘ። ዘመነች ያንኑ ቦታ በአዲሷ ቀኝ ጎን ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች፤ ሞረዱንም አነሳች።