የሠፈሩ ኮርማ

እህቱ ጊደሯን እየጎተተች ወደ ግቢው ስትገባ፣ እሱ የኮርማውን ገመድ ግንዱ ላይ ደግሞ ደጋግሞ እየጠመጠመ ነበር። ጊደሯ ኮርማ ፈልጋ ከነጋ ጀምሮ ስትጮህ አርፍዳለች። ኮርማው ድምጿን ሲሰማ አንገቱን ወጥሮ መሬቱን በኮቴው ጫረ። ሠፈሩ "ጌታው" ይለዋል። ላም ያለው ሁሉ የሚያመጣው እዚህ ነው፤ ክፍያ የለም፣ እምቢ ማለት ደግሞ ከአባታቸው ጀምሮ ነውር ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ትናንት የምርመራውን ውጤት ነግራው ሄዳለች። ኮርማው በሽታ ተሸክሟል። እሱን ምንም አያመውም፤ ይበላል፣ ይፈነጫል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል። የሚሰርራቸው ላሞች ግን ወይ ባዷቸውን ይቀራሉ ወይ ይጨነግፋሉ። ዓምና ይመርመር ስትለው የበሬ ወለደ ወሬ ነው ብሎ ስቆባት ነበር። የጎረቤቱ ላሞች ሲያስወርዱም ከሰው እኩል መኖውንና ብርዱን ሲያማ ከርሟል። ለካ ሌባው ከቤት ኖሯል! ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም።

"ምነው፣ ፍታው እንጂ" አለች እህቱ።

"ዛሬ ደክሞታል፣ እትዬ።"

"ግንዱን ሊነቅል ደርሶ? በል ካልክ ከሰዓት መልሼ አመጣታለሁ።"

እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይህቺው ጊደር ናት፤ የልጆቿን ወተት ከእሷ ነው የምትጠብቀው።

"ታሟል" አላት። "ላሞቹን ያስጨነገፈው እሱ ነው። ጊደርሽን ወደ ሐኪሟ ውሰጃት፣ በመርፌ ታዳቅልልሻለች።"

እህቱ ገመዱን ወደ ራሷ ሰበሰበች። ድምጿንም ዝቅ አደረገች። "ለማን ነገርክ?"

"ላንቺ ብቻ።"

"በል አፍህን ያዝ፣ ወንድምዓለም። ሰው ዓይንህን ማየት ይጠላል። እግሩን አሞታል በልና ራቅ ያለ ገበያ ወስደህ ሽጠው።"

"የሚገዛውስ ላም የለውም?"

እህቱ ጊደሯን አዙራ ወጣች። ለእሱ አስባ የተናገረችው መሆኑን ስለሚያውቅ አልተቀየማትም። እንዲያውም ምክሯ ልቡን አሸፍቶት ነበር። ዝም ቢል ስሙ ይተርፋል። ነገር ግን ጌታው የነካቸው ላሞች ሳይመረመሩ ይቀራሉ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ኮርማ ከእነሱ ይይዛል፤ በሽታው መንደሩን ሲዞር እሱ አብሮ እያዘነ ሊቀመጥ ነው።

ኮርማውን በረት አስገብቶ ቆለፈበትና ወጣ። መንገዱ ላይ ቅርብ የነበረው የአብሮ አደጉ ቤት ነው፤ እዚያ ቢጀምር ይቀለው ነበር። አልፎት ሄደ። ላሞቹ ያስወረዱበት ጎረቤት ደጃፉ ላይ አጭዶ ያመጣውን ሣር ሲያራግፍ አገኘው።

"ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?" አለው ጎረቤቱ።

"ከገባሁ አልነግርህም" አለ። "ላሞችህን የጎዳብህ የኔ ኮርማ ነው።"