አባቴን የሚሸከመው ባሌስትራ

አባቴ ማክሰኞ ሞተ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የአሮጌዋ ላንድሮቨራችን የኋላ ባሌስትራ፣ ክብደቷን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ተሰበረ። ሠላሳ ዓመት በግና ድርቆሽ ተሸክማለች፤ ብረቱን ዝገት በልቶት ነበር።

የቤተሰባችን መቃብር ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ካለው ጸሎት ቤት አጠገብ ነው። ድልድይ የለም። የቀብር አስፈጻሚዎቹ ጥቁር መኪና ወንዙን መሻገር ስለማይችል፣ ታች መንደር እንቅበረው አሉ። እናቴ የእኛ መኪና ትሻገራለች፣ እስከ አርብ ማታ ጠብቁን አለቻቸው።

አርብ ጠዋት እኔና የእናቴ ወንድም አጎቴ ኤምሪስ መኪናዋን በክሪክ አነሳናት። የተሰበረውንም ያልተሰበረውንም ባሌስትራ አወረድን። ጫፋቸው ላይ ያሉት ቦኮላ የሚባሉት የጎማ ቀለበቶች ደርቀው እንደ ከሰል ይፈረፈሩ ነበር።

"አባትህ መኪና መጠገን ኃጢአት ይመስለው ነበር" አሉ አጎቴ።

አልሳቅሁም። እሳቸውም እንድስቅ አልጠበቁም።

አጎቴ ባመጧቸው አዲስ ባሌስትራዎች ላይ አዲስ ቦኮላዎች አስገብተን ሰቀልናቸው። አጎቴ ሻይ ሊጠጡ ሲገቡ እኔ ቦኮላዎቹን የሚያስሩትን ዳዶዎች አንድ በአንድ በሙሉ ኃይሌ አጠበቅኋቸው። ምንም አላሰብኩም። እጄ ብቻ ይሠራ ነበር።

ሲመለሱ ጎማዎቹ ገና አየር ላይ ነበሩ።

"ዳዶዎቹን ነካካሃቸው?"

የለም ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

"አጥብቄያቸዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"እንደተንጠለጠለች። ጎበዝ። አባትህ ቢሆን እስከ እራት ይሰድብህ ነበር። እኔ ስድብ አያምርብኝም፤ ፍታቸው።"

ቦኮላው መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለ ከጠበቀ፣ መሬት ስትነካ ይጠማዘዛል። ድንጋይ ላይ ስትንገጫገጭ ደግሞ ይቀደዳል። ወንዙ ውስጥ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። ዳዶዎቹን ፈታኋቸው፤ መኪናዋንም አወረድናት።

"አሁን ነገ የምትሸከመውን ያህል ክብደት እንጫንባትና እናጥብቃቸው" አሉ። "አባትህ ስንት ኪሎ ነበር?"

"ሆስፒታል ስልሳ አንድ ነው ያሉት።"

"አንተስ?"

"ስልሳ ሦስት።"

"በቃ፣ ከኋላ ግባና ተኛ። በሬሳ ሣጥኑ ፈንታ አንድ ከረጢት መኖ ጎንህ አድርግ።"

ገብቼ ተኛሁ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ በግ በግ ይሸታል። ከሥሬ አጎቴ ዳዶ የሚያጠብቁበት ቁልፍ ድምፅ ይሰማኛል፤ ትንሽ ይዞራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዞራል። ከላዬ ያለውን የጣሪያ ሸራ ስፌት ቆጠርኩ።

እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣችና አየችኝ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ክብደት ነኝ።"

ወደ ኋላ በሩ ጠጋ አለች።

"ወደ በሩ የሚሆነው እግሩ ነው ወይስ ራሱ?"

"እግሩ" አሉ አጎቴ ከመኪናዋ ሥር። "ዳገት ነው፤ ራሱ ከፍ ይበል።"

"እንግዲያው ዙር" አለችኝ። "ተገልብጠህ ነው የተኛኸው።"

ዞርኩ። እሷም ለቀብር አስፈጻሚዎቹ ልትደውል ገባች።

ቅዳሜ እኔ ነዳሁ፤ አጎቴ ጎኔ ተቀመጡ። ውሃው እስከ ጎማው እኩሌታ ደረሰ። መኪናዋ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዘንበል አለች። ከኋላ ምንም አልጮኸም፤ ሣጥኑም አልተንሸራተተም። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ወጣን።

ስንመለስ እናቴ "ፓስተሩ ጥሩ ተናገሩለት፣ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

አንድም ቃል አልሰማሁም። ጆሮዬ እስከ ጸሎት ቤቱ በር ድረስ መኪናዋ ሥር ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰልኝም።