ማዶ ያለው መዝገብ

የሸሪፍ መኪና ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር ሁለት እጁን መሪው አናት ላይ አውጥቶ ጭጭ የሚል ሰው፣ ምን የሠራ ሰው ነው?

ቬርሊን ይህን ጥያቄ ከእሑድ ጀምራ ስታብሰለስለው ሰንብታለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የልጇ ወዳጅ ግሬዲ በፒክአፑ ይዟት እየመጣ፣ ስለ ቲማቲም ችግኝ እያወራላት ሳለ ነው የሸሪፉ፣ የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ መኪና ከፊታቸው ብቅ ያለው። ግሬዲ ወሬውን ከአጋማሹ ዋጠው። ፖሊሱ እንዲያያቸው ያህል እጆቹን ከፍ አድርጎ መሪው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ መኪናው አልፎ ከኮረብታው ጀርባ እስኪሰወር አልተነፈሰም። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «ለመትከል ግን ትንሽ ይቆዩ፤ ውርጭ ይመታብዎታል» አላት።

የቲማቲሙን ነገር ማን ይሰማዋል። ይህ ሰው በየጠዋቱ ብሪንሊን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ሰው ነው። ልጇ ሚስቲ ለዶሮ ፋብሪካው ፈረቃ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ የቬርሊን ዓይን ደግሞ በጠዋት ጉም መንዳት እምቢ ካላት ቆይቷል። እናም የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጇ፣ ያቺ ለማንም ሰው እጇን የምትሰጥ ልጅ፣ በዚያ ጥምዝምዝ የተራራ መንገድ ላይ ከግሬዲ ጋር ብቻዋን ናት።

እንደዚያ የቴነሲ አውራጃ ሰው ሁሉ ቬርሊንም ሐሙስ ሐሙስ ከነዳጅ ማደያው የምትገዛት ቀጭን ጋዜጣ አለች፤ በሳምንቱ የታሰሩ ሰዎች ፎቶ ከነክሳቸው የሚደረደርባት። የቀድሞውን አማቿን ጉድ የሰማችው ከዚያች ጋዜጣ ነው። ሚስቲ የበለዘ ዓይኗን «የቁም ሳጥን በር መታኝ» ስትላት ከርማ፣ አንድ ሐሙስ የባሏ ፊት ከማደያው ባንኮኒ ላይ አፍጦ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሳምንት አልዘለለችም። ግሬዲን ግን ብትፈልገው ብትፈልገው የለም። አለመኖሩም እንቅልፍ ነሳት። ጥፋቱን የት ደብቆት ነው?

እነሆ ዛሬ በሸሪፉ ቢሮ የመዝገብ ክፍል መስኮት ፊት፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቆማለች። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ኦኒዳ ናት፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ከጎኗ የምትቆመው።

«እትዬ ቬርሊን! ምን እግር ጣለዎት? ሚስቲን አሰርንብዎት እንዴ?»

«አፍሽ ይቆረጥ! አንድ መዝገብ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«የማን?»

ቬርሊን ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ የሚያንኮራፋ ሽማግሌ ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የግሬዲ።»

«የትኛው ግሬዲ? እዚህ አገር ግሬዲ እንደ ድንች ነው። ሙሉ ስሙን ከነትውልድ ቀኑ ካልሰጡኝ የሌላውን ኃጢአት አሸክሜ እልክዎታለሁ።»

ቬርሊን ከቦርሳዋ ቁራጭ ወረቀት አውጥታ በመስታወቱ ሥር አሾለከችላት። የወገብ መድኃኒቱን ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ረስቶት በሄደ ዕለት ከብልቃጡ ላይ የገለበጠችው ነው። ግሬዲ ዌይን ቶሊቨር።

«የተወለደበትን ቀን ከየት አገኙት?»

«ኬክ ልጋግርለት ብዬ።»

«በጥቅምት ነው እኮ የተወለደው። ገና ሚያዝያ ነው።»

«አስቀድሜ ማሰብ እወዳለሁ።»

ኦኒዳ ሳቋን በመዳፏ አፈነችው። «በሉ መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ።»

«ምን? አንቺ እኔን አታውቂኝም?»

«የጋገሩትን ስበላ ነው ያደግኩት። ግን ሕጉ መዝገብ የሚታየው ለቴነሲ ነዋሪ ነው ይላል። እናቴም ብትመጣ አልምራትም።»

ቬርሊን እያጉረመረመች ሰጠቻት። ኦኒዳ ኮምፒዩተሩን ነካክታ፣ ቆም ብላ፣ እንደገና ነካካች። ሳቋ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። ከማተሚያው የወጣውን ገጽ በመስኮቱ አሳለፈችላት።

«አንድ አለ። የቆየ ነው።»

ከላይ ፎቶው አለ፤ ጎረምሳ ግሬዲ፣ ከንፈሩ አብጦ። ከሥሩ «የቤተሰብ አባል መደብደብ» ይላል። ከዚያ በታች ያለው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ተሰራርዟል።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«የተመታው ሰው ስም ነው። እሱን ለማንም አናሳይም።»

«ሴት ናት?»

«እትዬ ቬርሊን፣ እርስዎ የያዙት መታሰሩን ነው እንጂ መፈረዱን አይደለም። ዳኛው ምን እንዳለ ማዶ ነው ያለው።» ኦኒዳ በአገጯ በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆመች። «ፍርድ ቤቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ ጋ። እስከ አስር ሰዓት ተኩል ክፍት ናቸው። እሱንም ማየት መብትዎ ነው።»

«ይበቃኛል።»

«መንገድ መሻገር እኮ ነው!»

«ይበቃኛል አልኩሽ።»

«እንደወደዱ። ይህችኑ ገጽ በዚህ ወር ሳወጣ ሁለተኛዬ ነው።»

ወረቀቱን ማጠፍ የጀመረው የቬርሊን እጅ ቆመ። «የመጀመሪያው ማን ነው?»

«ጽፈው ከጠየቁ አወጣልዎታለሁ። መዝገብ የጠየቀ ሰው ጥያቄውም መዝገብ ነው።»

«የእኔም መጠየቅ ይታያል ማለት ነው?»

«ለጠየቀ ነዋሪ ሁሉ።»

ቬርሊን ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መንጃ ፈቃዷን ነጥቃ ወጣች።

መኪና ማቆሚያው ላይ ጥቂት ቆመች። ቀይ ጡብ የለበሰው ፍርድ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ደረጃው ላይ አንዲት ወጣት ሳንድዊች እየበላች ፀሐይ ትሞቃለች። በዚያች በሐሙስ ጋዜጣ ላይ «ተለቀቀ»፣ «ነጻ ወጣ» የተባለ ሰው አይታ አታውቅም። ፎቶው ይወጣል፣ ሰው ያያል፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ፎቶ ይተካል። የቬርሊን ልብም ነገሩን የጨረሰው እዚያው ፎቶው ላይ ነበር። መኪናዋን አስነሣች።

መንገዱን ሙሉ ያብከነከናት ግን የመጀመሪያው ጠያቂ ነው። የቀድሞ ሚስቱ ትሆን? ሚስት ነበረችው? አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። ወይስ ልጇ የጠፋባት ሌላ እናት? አንድን ሰው በአንድ ወር ሁለት ሰው ከጠረጠረው እንዴት ባዶ ይሆናል?

ቤት ስትደርስ ሚስቲ ከፈረቃ ተመልሳ፣ እግሯን ጨው በገባበት ውኃ ነክራ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። የፋብሪካው በረኪና ከልብሷ ይሸታል። ምድጃው ላይ ባቄላው በቀስታ ይፈላል። ቬርሊን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አንብቢው።»

ሚስቲ አላነበበችውም። አየት አደረገችና ዓይኗን ወደ እናቷ መለሰች። «ዛሬ ነው ያወጣሽው?»

«ታውቂው ነበር?»

«ተሻገርሽ?»

«የት?»

«ማዶ፣ ፍርድ ቤቱ ጋ። ኦኒዳ አልነገረችሽም? ለእኔ ነግራኛለች።»

ቬርሊን ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ስንት ሴት ስታስብ የመጣችው፣ ይህችን አላሰበችም። «የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

«ምን መስሎሽ ነው? ልጄን ይዤ ዳግመኛ በጭፍን የምገባ? እኔም እንዳንቺ መንጃ ፈቃዴን ይዤ እዚያ መስኮት ላይ ቆሜያለሁ። እኔም ወረቀቱን ይዤ ልመለስ ነበር። ከዚያ ግን ተሻገርኩ።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«አልነግርሽም።»

«ሚስቲ!»

«ብነግርሽ ታምኚኛለሽ? የቁም ሳጥን በር ነው ያልኩሽ ልጅ እኮ ነኝ፣ እማዬ። ከእኔ አፍ የወጣ እንደማይበቃሽ አውቃለሁ። አልቀየምሽም። ሄደሽ በዓይንሽ እይው።»

«እስከዚያ ብሪንሊ ከሱ ጋር አትሄድም።»

«እስከዚያ እሺ። ሳታዪ 'መቼም አትሄድም' ካልሽኝ ግን፣ ልጄን ይዤ ቤት እፈልጋለሁ። የምሬን ነው የምነግርሽ።»

ቬርሊን ልትመልስ አፏን ስትከፍት ፒክአፑ ግቢ ገባ። በሩ ተወርውሮ ተከፈተና ብሪንሊ ቦርሳዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ሮጣ መጣች።

«እማማ! ግሬዲ የጭልፊት ጎጆ አሳየኝ! ጫጩቷ አፏን እንዲህ!» አፏን እስከ ጥርሷ ሥር ከፍታ ለአያቷ አሳየቻት።

«ጎሽ፣ ሂጂ እጅሽን ታጠቢ።»

ግሬዲ በር ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ ይጠርጋል። ቀና ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ። ከዚያ ርቀት ፊደሉ አይነበብም፤ የገዛ ፎቶውን ግን ማንም ሰው አይስተውም። ኮፍያውን አወለቀ።

«ጠየቁ እንዴ፣ እትዬ ቬርሊን?»

«የልጅ ልጄ ናት።»

«አዎን። ደግ አድርገዋል።»

ቬርሊን ለጩኸት ተዘጋጅታ ነበር፤ ለመሐላም፣ ለልምምጥም። ለዚህ አልተዘጋጀችም። «የምትለው የለህም?»

«እኔ ምን ብል ምን ያደርግልዎታል? የታሰረ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው።» ወደ ሚስቲ አየ፤ ሚስቲ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አልነገርኳትም ማለቷ ነው።

ተመልሶ ወጣ። ሄደ ሲሉት የፒክአፑን የኋላ በር ከፈተ። የብሪንሊን መቀመጫ፣ ያቺን ቢራቢሮ የታተመባትን የልጅ የመኪና ወንበር፣ ቀበቶዋን ፈቶ አወጣና በረንዳው ወለል ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። ከዚያ በክረምት ራሱ ባደሰው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው፣ ጣቶቹ ሁሉ በሚታዩበት ቦታ።

ቬርሊን ዝንብ በሚከላከለው የመረብ በር ውስጥ ሆና ጀርባውን አየችው። ያልበደለ ሰው እንዲህ ይቀመጣል? ወይስ ያሳደዱት? ወይስ የለመደ? ጀርባ አይነበብም። ወረቀቱም፣ እዚያ ጥቁሩ ላይ፣ አይነበብም።

ብሪንሊ እጇን እያራገፈች መጣች። «ወንበሬ ለምንድን ነው መሬት ላይ ያለችው?»

የመለሰላት የለም። ልጅቷ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አያቷን አየች። ከዚያ ቬርሊን ልጅቷ ፊት ላይ ያላሰበችውን ነገር አየች። ብሪንሊ የፈራችው ውጭ የተቀመጠውን ሰው አልነበረም፤ በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን ዝምታ ነው። እንዲህ ያለውን ዝምታ ታውቀዋለች፤ አባቷ ቤት በነበረ ጊዜ ለምዳዋለች።

ቬርሊን ሰዓቱን አየች። አስር አለፍ ብሏል፤ ፍርድ ቤቱ እስኪዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። ተነሥታ የባቄላውን እሳት አጠፋች። ከቦርሳዋ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ በጨረፍታ አየችው፤ ፎቶው ላይ እሷም እንደ እስረኛ አፍጥጣለች። ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የመኪናዋን ቁልፍ ከመንጠቆው አነሣች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለቻት ሚስቲ።

ቬርሊን የመረቡን በር ገፋችው። የብሪንሊን ወንበር ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረው ዝናብ አሽሽታ ወደ ግድግዳው አስጠጋቻት። ግሬዲ መንገድ ሊለቅላት ጉልበቱን ሰበሰበ፤ እሷም በአጠገቡ ደረጃውን ወርዳ መኪናዋን አስነሣች።